ከቁስቋም በስተ ደቡብ ያለችው ደመና

ወግ ከመንገድ ሲጀምር ጆሮ አያጣምና፣ ወገኖቼ፣ እኔም ከመንገድ ልጀምርላችሁ። በ1762 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ፈረንጆቹ 1770 በሚሉት ዓመት፣ ጄምስ ብሩስ የሚባል ቁመተ ረጅም የስኮትላንድ ሰው ጎንደር ገባ። አመጣጡ ከምጽዋ ነው፤ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ፣ ከዚያም የታራንታን ተራራ ወጥቶ፣ ከዚያም በአድዋና በአክሱም አልፎ፣ ከዚያም ተከዜን ተሻግሮ፣ ከዚያም ሊማሊሞን ሽቅብ ተያይዞ ወገራን አቋርጦ ነው። ከጓዙ መካከል ሰዓቶችና የሩቅ ማያ መነጽሮች ነበሩት፤ ከሁሉም የከበደው ግን ኳድራንት የሚሉት፣ የክብ ሩብ የሆነ መሣሪያ ነበር፤ ኮከብ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ እንዳለ የሚለካበት። ታራንታ ላይ ይህ መሣሪያ ሰውን አስመረረ። መንገዱ ድንጋይና እሾህ ነው፣ አቀበቱ ደረት ይነካል፣ ተሸካሚዎቹም እየተፈራረቁ ደከሙ፣ አጉረመረሙም። ያን ጊዜ ያሲን የሚባል ብርቱ ሰው ወጣና ከብሩስ ጋር ሆኖ የመሣሪያውን ከባድ ክፍል ይዘው ክፉውን አቀበት ራሳቸው ወጡት፤ ሲደርሱ ልብሳቸው ተቀዳዶ እጅና ጉልበታቸው ተላልጦ ነበር። እኔ ይህን ወግ ባነሣሁ ቁጥር ያሲንን ሳልጠራ አላልፍም፤ ሰማይ የሚለካ ብረት በሰው ትከሻ ካልሆነ በምን ደጋ ይወጣል?

ጎንደር ሲገባ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር፤ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብም ታሞ ነበር። እቴጌይቱ ያን ጊዜ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ፣ ቤተ መንግሥታቸውንና ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ማርያምን ባሠሩበት ቦታ ነው። እንግዳው ሐኪም ነኝ አለ፣ ተጠራ፣ ሕሙማኑንም አስታመመ፣ ከዚያም በቁስቋም ቤት ተሰጠው። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነው፤ ራስ ሚካኤል ስሑል ይገባሉ ይወጣሉ፣ ከተማው ይሸበራል፣ ይረጋጋል፣ እንደገና ይሸበራል። በዚያ ሁሉ መካከል ብሩስ አብሮት ከመጣው ከኢጣሊያዊው ሠዓሊ ከሉዊጂ ባሉጋኒ ጋር ሆኖ ክረምት ሲመጣ የዝናቡን ልክ ይመዘግባል፣ ሰማይ ሲጠራ ኮከብ ይለካል። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ። ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ በስናር በኩል ወጥቶ ሄደ፤ ከዚህ ይዞት ከሄደውም አንዱ መጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ ፀሐይና ጨረቃ በየትኞቹ ደጆች እንደሚወጡና እንደሚገቡ የሚቆጥረው መጽሐፍ፣ እኛ ዘንድ ሳይጠፋ የኖረው። ምንትዋብ ያሠሩትን ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ድርቡሾች መጥተው አቃጠሉት፤ ዛሬ የቆሙት ግንቦች ከዚያ የተረፉት ናቸው።

እንግዲህ ብሩስን እዚህ ላይ እንሰናበተው። እኔ የፈለግሁት ኳድራንቱ የለካውን ቁጥር ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ ቁጥር ለመንገደኛ ምንም አይደለም፤ ለሰማይ ግን ርስት ነው። ለንደን ወይም ፓሪስ የተቀመጠ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢያንጋጥጥ የማያየው የደቡብ ሰማይ አለ፤ ካይሮ ላይም ያለ ሰው አያየውም፤ ጂዳ ላይም ገና አድማሱን አልለቀቀም። ጎንደር ላይ ግን፣ ልክ በጠባቡ፣ ይወጣል። ከሚወጣውም ውስጥ አንዲት ትንሽ ነጭ ደመና አለች፤ ነፋስ የማይወስዳት፣ ዝናብ የማታመጣ፣ በዓመት በዓመት በዚያው ቦታ የምትገኝ።

ማየት ለሚፈልግ ልንገር። ክረምቱ ወጥቶ፣ መስከረምና ጥቅምት አልፈው፣ ታኅሣሥና ጥር ሲመጡ የጎንደር ሌሊት ይበርዳል፣ አየሩም ይጠራል። በጥምቀት ሰሞን ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት፣ የከተማው መብራት ከኋላ ወይም ከጎን እንዲቀር አድርጋችሁ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደምቢያ ሜዳና ወደ ጣና ዙሩ። ሲሪየስን፣ ያንን ከሁሉ የሚደምቀውን ኮከብ፣ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ከእሱ ቁልቁል ወደ ደቡብ ስትወርዱ በድምቀት ሁለተኛው ካኖፐስ አለ፤ ከካኖፐስም ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንድ ጡጫ ተኩል ያህል ወደ ታችና ትንሽ ወደ ቀኝ ብትሉ፣ ከአድማሱ አንድ ጡጫ ሳይሞላ፣ 8 ዲግሪ በማይሞላ ከፍታ ላይ ናት። ጣና ላይ ጉም ካለ፣ ወይም ገበሬው ገለባ ካቃጠለ፣ ያ ምሽት የናንተ አይደለም፤ ሌላ ቀን ተመለሱ። እህት አለቻት፤ ትንሿ ግን ይበልጥ ወደ ደቡብ ስለሆነች ከዚህ ከ5 ዲግሪ በላይ አትወጣም፣ በጥምቀትም ጊዜ በምሽት አትገኝም፤ እሷን የሚሻ በጥቅምትና በኅዳር ይጠብቅ፣ ተስፋውንም ጠበብ ያድርግ።

ሁለቱን ማጄላን ደመናዎች ይሏቸዋል። ከማጄላን ጋር ምድርን ለመዞር ከተነሡት አንዱ የነበረው ፒጋፌታ በደቡብ ሰማይ ስላያቸው ሁለት ጭጋጎች ጽፎ ነበርና ነው። ጭጋግ ግን አይደሉም። ጋላክሲዎች ናቸው፤ እኛ የምንኖርበት ፍኖተ ሐሊብ ጋላክሲ እንደሆነ ሁሉ እነሱም ራሳቸውን የቻሉ የከዋክብት አገሮች ናቸው፤ ትንሾች ብቻ። ርቀታቸውን በቁጥር ብነግራችሁ ቁጥሩ ጆሯችሁን መትቶ ያልፋል፤ ስለዚህ በሌላ መንገድ ልምጣ። በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለኢትዮጵያ አንድ ኮከብና ፕላኔቱ ስም እንድታወጣላቸው ተሰጥተዋት ኮከቡን ቡና፣ ፕላኔቷን አቦል አለች። ዛሬ ማታ ከቡና የሚደርሰን ብርሃን የተነሣው ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ጎንደር ላይ ነገሥታቱ በስም፣ መሳፍንቱ በጉልበት በሚገዙበት በዘመነ መሳፍንት። ከትልቋ ደመና የሚደርሰን ብርሃን ግን 160 ሺህ ዓመት ተጉዟል። ጎንደር አልነበረችም፤ አክሱም አልነበረችም፤ ጤፍ የሚዘራ ሰው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ሳልል የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ መሆናቸውን ያዙልኝና እንቀጥል።

በሰማይ ላይ የታወቁ ትልልቅ ጋላክሲዎች መልክ አላቸው። አንዱ እንደ ሽክርክሪት ክንዶቹን ዘርግቷል፣ ሌላው ድብልብል ነው። ትንንሾቹ ግን ብዙዎቹ መልክ የላቸውም። አንዱ ጎናቸው ደምቆ ሌላው ጨልሟል፣ እዚህ አንድ እብጠት፣ እዚያ አንድ ጭራ፤ ማዕከላቸው የት እንደሆነ እንኳ ዓይን አይይዘውም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ድንክዬና ቅርጽ የለሽ ብለው መዘገቧቸውና ዘወር አሉ። ትልቋ ደመና እንኳ ቅርጽ የለሽ ስትባል ኖራ፣ ኋላ በመካከሏ እንደ ዘንግ ያለ ነገር፣ አንድ ክንድ የሚመስልም ስለተገኘባት ትንሽ ክብር ተጨመረላት። ትንሿ ግን እስከዛሬ ቅርጽ የለሽ ናት። ለትንሽ ነገር መቼም ይህ ዕጣው ነው፤ ገና ሳይመረምሩት ስም ያወጡለታል።

አሁን ስለ ከዋክብት ዕድሜ አንድ ነገር እንያዝ፣ ያለ እሱ አንሄድምና። ከዋክብት ሁሉ እኩል አይኖሩም። ግዙፎቹ ሰማያዊ ናቸው፣ እጅግ ይደምቃሉ፣ ነዳጃቸውንም በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ጨርሰው ይሞታሉ። እንደኛዋ ፀሐይ ያሉትና ከእሷ የሚያንሱት በቢሊዮን የሚቆጠር ዓመት ይኖራሉ፤ ሲያረጁም ያብጡና ይቀላሉ። ስለዚህ ሰማይ ላይ ሰማያዊ ኮከብ ያየ ሰው ትናንት የተወለደ ልጅ አየ፤ ቀይ ያበጠ ኮከብ ያየ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሽማግሌ አየ። ነገር ግን ልጁ ከሽማግሌው ሺህ ጊዜ ይደምቃል። ከሩቅ ለሚያይ ዓይን፣ ልጁ ካለ ሽማግሌው የለም።

ይህን ነገር ያጠራው ቫልተር ባዴ የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ያጠራበትም ሁኔታ ይገርማል። ባዴ ካሊፎርኒያ ውስጥ በማውንት ዊልሰን ተራራ ይሠራ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ባልደረቦቹ ለጦር ሥራ ተጠርተው ሄዱ፣ እሱ ግን የጠላት አገር ዜጋ ነውና ለዚያ ሥራ አልታመነም፣ ተራራው ላይ ቀረ። ከተራራው ሥር ያለችው ሎስ አንጀለስ ደግሞ የአየር ጥቃት ፈርታ መብራቷን ታጠፋ ነበር። እንግዲህ ተመልከቱ፣ በዓለም ትልቁ መነጽር አለው፣ ተሻሚ የለውም፣ ከተማውም ጨልሞለታል። ሌሊት ከሌሊት ብርድ ላይ ተቀምጦ፣ ቀይ ብርሃን በሚይዝ የፎቶ ሳህን ላይ ለሰዓታት ብርሃን እያጠራቀመ፣ ከዚያ በፊት ማንም ለያይቶ ያላየውን የአንድሮሜዳን መካከል ኮከብ በኮከብ ለየው። በ1944ም ከዋክብት ሁለት ወገን ናቸው ብሎ ጻፈ፤ ሰማያዊና ወጣት፣ ጋዝና አቧራ ባለበት የሚኖሩ፣ አንደኛው ወገን፤ ቀይና አሮጌ፣ ጋዝ በሌለበት የሚኖሩ፣ ሁለተኛው ወገን። ያ ሁሉ የሆነው ሰው ሰውን በሚጨርስበት ዘመን፣ በተጠረጠረ ሰው እጅ ነው።

ባዴ ግን በዚህ አልተኛም። አይሲ 1613 የምትባል፣ ከኛ 2 ሚሊዮን ተኩል የብርሃን ዓመት ያህል የምትርቅ አንዲት ቅርጽ የለሽ ድንክዬ ነበረች፤ ዓመታት እየተመላለሰ ያያት ነበር። ሰማያዊዎቹ ከዋክብቷ እዚህም እዚያም በቡድን በቡድን ሆነው ያበራሉ። ባዴ ቀዩን ብርሃን እያጠራቀመ ሲመለከት፣ ከሰማያዊዎቹ ሥር፣ ከእነሱም ወሰን አልፎ፣ ደብዛዛ ቀይ ከዋክብት እንደ ስስ ሻሽ ተዘርግተው አገኘ። እብጠትም ጭራም የላቸውም፤ እኩል ሆነው ተነጥፈዋል። በ1958 ሃርቫርድ ላይ ሲያስተምር ይህንን ተናገረ፣ በ1960 ሞተ፣ ትምህርቱም በ1963 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ቅርጽ የለሽ የተባለችው አገር ቅርጽ ነበራት ማለት ነው፤ ቅርጽ ያጡት ልጆቿ ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ፣ ወገኖቼ፣ ኅዳር 6 ቀን ቁስቋምን አስቡ። ታቦት ወጥቶ፣ ካህናቱ ወርበው፣ ከዚያም ከበሮው ለወጣቱ ሲለቀቅ፣ ጎረምሳውና ኮረዳው በመካከል ክብ ክብ ሠርተው ይዘላሉ፣ አንዱ ክብ ይፈርሳል፣ ሌላው ይሠራል። ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ደርበው በቅጥሩ ዳርና በዛፎቹ ሥር ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይከመር፣ ግቢውን ሞልተው። ከታች ከከተማው ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የሚያየው ክቦቹን ነው፤ በዓሉም የወጣት ብቻ ይመስለዋል። ምሳሌው እስከዚህ ይሠራል። ከዚህ በኋላ ግን ያነክሳል፤ የቁስቋም ሽማግሌ ዳር የተቀመጠው ጉልበቱ ስለደከመ ነው፣ ኮከብ ግን ጉልበት አይደክመውም። ታዲያ የከዋክብቱን ሽማግሎች ማን ወደ ዳር አወጣቸው? ይህ ጥያቄ እስኪመለስ ምሳሌውን እዚሁ ልተወው።

መጀመሪያ ልጆቹ ለምን በቡድን እንደሆኑ እንይ፤ እሱ ቀላል ነው። ኮከብ የሚወለደው ጋዝ በተጠራቀመበት ነው፣ ሲወለድም ብቻውን አይወለድም፤ በመቶ፣ አንዳንዴ በሺህ ሆነው አብረው ይወለዳሉ። ከዚያም በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየተንቀሳቀሰ ይሄዳል እንበል። ያ ፍጥነት ለኛ የማይታሰብ ነው፤ ለጋላክሲ ግን ዳዴ ነው። በ10 ሚሊዮን ዓመት ከ300 የብርሃን ዓመት ብዙም አይርቅም፣ አገሩ ግን ብዙ ሺህ የብርሃን ዓመት ነው። ስለዚህ ግዙፉ ሰማያዊ ኮከብ ከተወለደበት ሰፈር ሳይወጣ ዕድሜው ያልቃል። አንዱ እንዲህ ሲሞት እኛው ዘመን ላይ ታይቷል። የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1987 ባሉት ዕለት፣ በትልቋ ደመና ውስጥ አንድ ግዙፍ ሰማያዊ ኮከብ ፈንድቶ ብርሃኑ ምድር ደረሰ። ቺሊ ውስጥ ላስ ካምፓናስ ላይ ኢያን ሼልተን በፎቶ ሳህን ላይ አገኘው፤ የመነጽር ሠራተኛው ኦስካር ዱሃልዴ ግን በዚያው ሌሊት ከሥራው ወጣ ብሎ ቀና ሲል በባዶ ዓይኑ አይቶት ነበር። በመነጽር ሳይሆን በዓይን የሚታይ እንዲህ ያለ ፍንዳታ ሰማይ ላይ ከታየ ወደ 400 ዓመት ሊሆነው ነበር። በዚያ ሰሞን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደመናዋ ከጎንደር አድማስ በላይ ነበረች። ኮከቡም የሞተው ታራንቱላ ከሚሉት ታላቅ የጋዝ ሰፈር አጠገብ ነው፤ ልጆች በሚወለዱበት ሰፈር፣ በልጅነቱ።

ሽማግሎቹ ግን ሌላ ናቸው። 10 ቢሊዮን ዓመት የኖረ ኮከብ አገሩን ብዙ ጊዜ ዞሯል፤ አብረውት የተወለዱት ተበትነዋል፣ ሰፈሩም ፈርሷል፣ ከማን ጋር እንደተወለደ የሚናገር ምልክት የለውም። ተቀላቅለው፣ ተስተካክለው፣ አገሩን ሁሉ ሞልተው ይገኛሉ። በ2000 ዴኒስ ዛሪትስኪና ባልደረቦቹ የትንሿን ደመና ከዋክብት በሚሊዮን ቆጥረው፣ ወጣቱን ለብቻ፣ አሮጌውን ለብቻ ካርታ ሠሩለት። የወጣቶቹ ካርታ ያው የምናውቀው ዝብርቅርቅ ነው፤ ዘንግ፣ ክንፍ፣ ቁርጥራጭ። የአሮጌዎቹ ካርታ ግን ልሙጥ ነው፤ ከመካከሉ ጥቅጥቅ ብሎ ወደ ዳሩ ቀስ እያለ የሚሳሳ፣ ወደ ክብ የሚጠጋ። አንዲት ጋላክሲ፣ ሁለት ካርታ፤ አንዱ ከአንዱ ጋር ዘመድ አይመስልም።

ከዚያ በፊት በ1996 ዳንቴ ሚኒቲና አልበርት ዛይልስትራ ደብልዩ ኤል ኤም በምትባል ከሌሎች ተነጥላ በምትኖር ድንክዬ ዙሪያ የአሮጌ ከዋክብት ዳርቻ እንዳለ ጽፈው ነበር። ከዚያም በ2004 ቭላዳስ ቫንሴቪችየስ የሚመራው ቡድን ሃዋይ ተራራ ላይ ያለውን፣ መስታወቱ ከ8 ሜትር በላይ የሆነውን የጃፓኖች መነጽር ሱባሩን ወደ ሊዮ ኤ አዞረው። ሊዮ ኤ ከድንክዬዎቹም ድንክዬ ናት፤ ወጣቶቿ መካከሏ ላይ ይንጫጫሉ። ቡድኑ ቀያይ ከዋክብቷን አንድ በአንድ እየቆጠረ ወደ ውጭ፣ ወደ ውጭ፣ ማንም ኮከብ ይኖራል ወዳላለበት ጨለማ ሄደ፤ ቀያዮቹም አብረውት ሄዱ፣ ሄዱ፣ ከዚያም ባንድ ቦታ ቁርጥ ብለው አለቁ። ወሰኑ ያ ነበር። እንዲህ ያለችው ኢምንት አገር ዲስክም ዳርቻም ያላት ሆና ተገኘች፤ እንደ ትልልቆቹ።

እንግዲህ ወደ ተውኩት ጥያቄ ልመለስ፤ ሽማግሎቹን ማን ወደ ዳር አወጣቸው? ሁለት መልስ አለ፣ ሁለቱም ከባድ ጠበቃ አላቸው።

አንዱ ወገን የሚለው፣ ማንም አላወጣቸውም ነው። የተወለዱት እዚያው ዳር ነው ይላሉ። ጥንት ጋዙ አገሩን ሁሉ ሞልቶ ነበር፤ ከዋክብትም ዳር ድረስ ይወለዱ ነበር። ከዚያ ጋዙ እያለቀና እየሳሳ ሲሄድ መውለጃው ሰፈር ወደ መካከል ተሰበሰበ፤ ዛሬ ልጅ የሚወለደው መካከል ብቻ ነው። በአሪዞና የምትሠራው ዲድሬ ሃንተርና ባልደረቦቿ በአርባ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ድንክዬዎችን ጋዛቸውን በሬዲዮ፣ ከዋክብታቸውን በሌላ ብርሃን አጥንተው፣ በብዙዎቹ ከዋክብት የሚወለዱበት ሰፈር ከውጭ ወደ ውስጥ መጥበቡን አይተዋል። ትልልቆቹ ጋላክሲዎች የሚያድጉት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ። ፍኖተ ሐሊብ ሲሰፋ ኖሯል፣ ትንንሾቹ ሲጠቡ።

ሌላው ወገን ግን፣ የለም፣ ተገፍተው ነው ይላል። ትንሽ ጋላክሲ ስበቷ ደካማ ነው። ግዙፎቹ ልጆች በአንድ ጊዜ ሲፈነዱ ጋዙን ጠራርገው ወደ ውጭ ይነዱታል፤ ጋዙ ሲወጣ አገሩን አንድ ላይ የያዘው ክብደት ይላላል፣ ከዋክብቱም ወደ ውጭ ይሰፋሉ፤ ከዚያ ጋዙ ቀዝቅዞ ይመለሳል፣ እንደገና ከዋክብት ይወለዳሉ፣ እንደገና ይፈነዳሉ። አገሪቱ ትተነፍሳለች ማለት ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ አሮጌው ኮከብ ትንሽ ይገፋል፤ ብዙ የኖረ ብዙ ትንፋሽ ያየ ነውና ይበልጥ ይርቃል። በ2016 ካሪም ኤልባድሪና ባልደረቦቹ ይህንን በኮምፒውተር ውስጥ ድንክዬ ጋላክሲ ሠርተው አሳዩት፤ መካከል ላይ የተወለደ ኮከብ በሺህ የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ወደ ውጭ ተገፍቶ ተገኘ። ይህ እውነት ከሆነ ክፉ ነገር ያመጣል፤ ዳር ላይ የተገኘን ኮከብ አይቶ “እዚህ ነው የተወለደው” ማለት አይቻልም፣ የጋላክሲዋንም ታሪክ ከዛሬው ካርታዋ ማንበብ ያስቸግራል።

የትልቋ ደመና ታሪክ ደግሞ ራሱን የቻለ እንቆቅልሽ አለው፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ከዋክብት በቡድን ታስረው የሚኖሩባቸው ጉባኤዎች አሏት። እጅግ ጥንታውያን የሆኑ፣ 12 ቢሊዮን ዓመት ያለፋቸው ጥቂቶች አሉ። ከ3 ቢሊዮን ዓመት ወዲህ የተወለዱ ደግሞ እጅግ ብዙ አሉ። በመካከል፣ በዚያ ሁሉ ረጅም ዘመን፣ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ለረጅም ጊዜ የታወቀችው አንድ ብቻ ነበረች፤ 9 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ያላት ብቸኛ ጉባኤ፣ ከማንም ሳትቀላቀል የምትገኝ። ብዙዎች የሚሉት ሁለቱ ደመናዎች ከ3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተቀራርበው ሲሳሳቡ ጋዛቸው ተናወጠ፣ መውለድም እንደገና ተጀመረ ነው። ያቺ ብቸኛዋ ግን ለምን ብቻዋን እንደተወለደች የሚያረካ ቃል አልሰማሁም።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሌላ አገር ነው እንዳትሉ። በአዲስ አበባ ላይ እንጦጦ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት መነጽሮች ቆመዋል፤ እዚያ ትልቋ ደመና ከጎንደር ይልቅ በ3 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። በትውልድ ሰርቢያዊት የሆኑት፣ በእንጦጦ የሠሩት ዶክተር ሚርያና ፖቪች ኢትዮጵያውያን ተማሪዎቻቸውን የጋላክሲን ቅርጽና ዕድገት እያስተማሩ አሳድገዋል። ከላሊበላ በላይ ያሉት ከፍታዎችም ለትልቅ የሥነ ፈለክ ጣቢያ ታስበው ተጠንተዋል፤ ደረቅና ጨለማ ሰማይ ያለበት ደጋ ነውና። ሥራው ከጥናት ወደ ግንባታ ቢሻገር፣ ከዚያ ተራራ የደቡቧ ደመና እንደ ጎንደር ዝቅ ብላ ትወጣለች፤ የሰሜኑም ሰማይ አብሮ ይገኛል። ሁለቱንም የሚያይ ተራራ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም፣ ይህንንም ለሚመለከተው ሁሉ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል እላለሁ።

ስለ ሽማግሎቹ ከዋክብት የሁለቱ ወገኖች ክርክር ግን የሚዳኘው በቁጥር ነው። ጄምስ ዌብ የሚሉት የኅዋ መነጽር በ2022 ወደ ደብልዩ ኤል ኤም ዞሮ ደብዛዛና ትንንሽ አሮጌ ከዋክብቷን ለይቶ ቆጥሯል፤ ከእነሱም ድምቀትና ቀለም የየዘመኑ ልደት ብዛት ይሰላል። ከዚያ የሚቀረው እያንዳንዱ አሮጌ ኮከብ በምን ፍጥነት፣ ወዴት እንደሚሄድ መለካት ነው፤ እዚያው ዳር የተወለደና ከመካከል የተገፋ እኩል ቦታ ላይ ቢገኙም አካሄዳቸው አንድ አይሆንም። ያ ልኬት በ2 እና በ3 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ገና በጣም ያስቸግራል፤ በሁለቱ ደመናዎች ላይ ግን ተጀምሯል፣ ቅርብ ናቸውና። እኔ በበኩሌ እንደ ሽማግሌነቴ ተገፍተው ነው ወደሚሉት አደላለሁ፤ የኔ ማድላት ግን ለኮከቡ ፍጥነት ምንም አይጨምርለትም።